ማሪታ ኮህ፣ 47 ሰከንድ ከ60 እና ሰማያዊቷ ኪኒን

(ፍራንክፈርት ውስጥ በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የስፖርት ቀን ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቀረጻው ላይ ብዙም ሳልነካካ ነው የጻፍኩት።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል አይደል? ጥሩ።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ቡና የምታፈሉልን እናቶች፣ እግዜር ይስጥልን። እናንተ ማሊያ ለብሳችሁ ሣሩ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች ደግሞ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ ከማንም በላይ ለእናንተ ነው የምናገረው።

ስለ ሩጫ ንግግር አድርግ ተብዬ ስጠየቅ ብዙዎቻችሁ ስለ አበበ ቢቂላ፣ ስለ ኃይሌ፣ ስለ ደራርቱ የማወራ መስሏችኋል። እነሱን ከእናንተ የማያውቅ የለም። እኔ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጀርመናዊት ነው። ማሪታ ኮህ ትባላለች። የ400 ሜትር ሯጭ ነበረች። ስሟን የሰማ እጁን ያውጣ እስቲ? አንድ፣ ሁለት... አራት ሰው። እናንተ እዚህ ሀገር ተወልዳችሁ፣ የዚህን ሀገር ትምህርት ቤት እየተማራችሁ፣ 40 ዓመት ሙሉ ማንም ያልሰበረውን ክብረ ወሰን የያዘችውን ሴት አራት ሰው ብቻ ነው የሚያውቃት። ለምን? ይሄ ጥያቄ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ሩጫዋን። ሁለተኛ ፖለቲካው እንዴት እንደቀማት። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ስለ ሰማያዊቷ ኪኒን። ወላጆች፣ ሦስተኛው ላይ እንዳትነሱብኝ።

እንግዲህ ከሩጫው ልጀምር።

እኔ ወደ ጀርመን የመጣሁት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ጀርመን ሁለት ነበረች። እኛን ተማሪዎቹን የላኩን ወደ ምሥራቁ ነው። መጀመሪያ ላይፕሲግ ቋንቋ ተማርኩ፣ ከዚያ ሮስቶክ ተመደብኩ። ሮስቶክ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ከባልቲክ የሚመጣው ነፋስ ክረምት ላይ ጆሮ ይቆርጣል። የኮህ ክለብ እዚያ ነበር፣ ኤምፖር ሮስቶክ። የተወለደችው ደግሞ እዚያው አጠገብ ቪስማር ነው፣ በ1957 እ.ኤ.አ.። አሰልጣኟ ቮልፍጋንግ ማየር ይባላል። በኋላ ባሏ ሆነ።

እሑድ ጠዋት ነው። ጥቅምት 6 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.። በማግስቱ የሀገሪቱ ብሔራዊ በዓል ስለነበር ከየመስኮቱ ባንዲራ እየተሰቀለ ነው። እኔ የተማሪዎች መኝታ ቤት ውስጥ ካልሲ እያጠብኩ ነበር። የመኝታ ቤቱ ጠባቂ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነበሩ፣ ለማንም የማይስቁ፤ ስድስት ወር ሙሉ «ጫማህን ጥረግ» ከማለት ውጪ አንድ ቃል ነግረውኝ አያውቁም። እሳቸው ናቸው ደረጃውን እየሮጡ የወጡት። ፊታቸው ቀልቷል። «የኛ ማሪታ! የኛ ማሪታ!» ይላሉ። እጄን ከነሳሙናው ያዙኝ። የምን ማሪታ? አልገባኝም። ጎትተው ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰዱኝ።

አውስትራሊያ ነው፣ ካንቤራ። የዓለም ዋንጫ ውድድር። እዚያ ከሰዓት ነው፣ እኛ ጋ ጠዋት። ቴሌቪዥኑ ሩጫውን ደግሞ ደጋግሞ ያሳያል።

ልጆች፣ አሁን እዩልኝ። 400 ሜትር ማለት አንድ ሙሉ ዙር ነው። እያንዳንዱ ሯጭ ከመስመሩ አይወጣም። ከውስጥ ያለው መስመር ጥምዙ ጠባብ ስለሆነ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጡበት ሰውነትን ይጎትታል፤ ሯጮች አይወዱትም። ኮህ የነበረችው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ከውጭ ያሉት በአነሳስ ቀድመው የቆሙ ስለሚመስሉ ሁሉንም ከፊቷ ታያቸዋለች። ተኩሱ ተተኮሰ። ይህቺ ሴት መጀመሪያዎቹን 200 ሜትር በ22.4 ሰከንድ አካባቢ ነው ያለፈችው። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? በዚያ ዘመን 200 ሜትር ብቻ የምትሮጥ ጥሩ ሯጭ በዚህ ሰዓት ብትገባ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ኮህ ግን ገና ግማሹ ይቀራታል!

መጀመሪያ ጥምዙ ላይ አንዷን አለፈች። ቀጥታው ላይ ሌላዋን። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ናት። መጨረሻው 100 ሜትር ላይ ትከሻዋ መጠንከር ጀመረ፣ አንገቷ ገተር አለ። አሲዱ ነው። 400 የሮጠ ሰው ያውቀዋል፤ እግር የራስ መሆኑ ይቀራል። እሷ ግን አልተሰበረችም። ገባች። 47 ሰከንድ ከ60። ሁለተኛ የወጣችው የሶቪየቷ ኦልጋ ቭላዲኪና 48.27 ነው የገባችው። እሱም እኮ ድንቅ ሰዓት ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም አላየውም።

ሴትዮዋ አለቀሱ። እኔም አብሬ እንባ መጣብኝ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የሀገሬ ሰው አይደለች፣ ዘመዴ አይደለች። ያን ጊዜ ሀገር ቤት ረሃብ ነበር፣ ደብዳቤ በሁለት ወር ነው የሚመጣው፣ ሆዴ ሁሌ እንደተጨነቀ ነው። አንድ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ ማየት የሆነ ነገር ይፈታል መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ሲያዩኝ ፈገግ ይሉ ነበር።

እና ይሄ የአንድ ቀን ዕድል አልነበረም። ይሄን ያዙልኝ። ኮህ በ1978 ፕራግ ላይ 48.94 ስትገባ ከ49 ሰከንድ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዓመቱ ደግሞ 200 ሜትርን በ21.71 ሮጣ ከ22 ሰከንድ በታች የመጀመሪያዋ ሆነች። የ400ን ክብረ ወሰን ሰባት ጊዜ ነው ያሻሻለችው፣ ሰባት ጊዜ! ብዙውን ጊዜ የምትሰብረው የራሷን ነበር። በመሀል አንዲት ሴት ብቻ ቀማቻት፤ የቼኮዝሎቫኪያዋ ያርሚላ ክራቶክቪሎቫ፣ በ1983 ሄልሲንኪ፣ 47.99። በዚያ ውድድር ኮህ 400ውን አልሮጠችም። 100 ላይ ብር፣ 200 ላይ ወርቅ፣ በሁለቱም የዱላ ቅብብል ወርቅ ይዛ ተመለሰች። ክብረ ወሰኑን ግን ቆጭቷት ነበር ይመስለኛል። ካንቤራ የዚያ መልስ ነው።

እሺ። ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ እኛም አለንበት።

ኮህ በ19 ዓመቷ በ1976 ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሄደች። ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ተጎድታ ወጣች። በዚያው ሞንትሪያል የኛ ምሩጽ ይፍጠር የት ነበር? አልሮጠም። አፍሪካ ውድድሩን ስታወግዝ ኢትዮጵያም ወጣች። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ ነው። ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ የምሩጽ አራት ዓመት ግን ተቃጠለ።

ከዚያ 1980፣ ሞስኮ። ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አንድ ነው፤ በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ አጥሩ ላይ ሰው ነው። ምሩጽ ማርሽ ቀያሪው 10 ሺህውንም 5 ሺህውንም ወሰደ። ትዝ የሚላችሁ አባቶች አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ፣ እየነቀነቃችሁ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በዚያው መም ላይ ኮህ 400ውን በ48.88 አሸነፈች። ያኔ አላየኋትም። አይቻት ቢሆን እንኳ ልብ አልላትም ነበር፤ እኛ ምሩጽን ነበር የምንጠብቀው።

ከዚያ 1984 መጣ፣ ሎስ አንጀለስ። ኮህ 27 ዓመቷ ነው፣ ለ400 ሯጭ ጣፋጩ ዕድሜ። ሶቪየት አልሄድም አለች፤ ምሥራቅ ጀርመን ተከተለች፤ ኢትዮጵያም ተከተለች። ሎስ አንጀለስ ላይ የአሜሪካዋ ቫለሪ ብሪስኮ ሁክስ በ48.83 አሸነፈች። በዚያው ወር ኮህ ፕራግ ላይ፣ ያልሄዱት ሀገሮች ለራሳቸው ባዘጋጁት ውድድር፣ 48.16 ገባች። አስቡት። በ1988 ሴኡል ሲደርስ ደግሞ የቁርጭምጭሚቷ ጅማት አስቸግሯት ሩጫ አቁማለች፤ በ1987 ነው የተወችው። ስለዚህ የዚያን ዘመን አንደኛ የ400 ሯጭ በሕይወቷ ያገኘችው የኦሊምፒክ ወርቅ አንድ ብቻ ነው። በ1984ም በ1988ም ያልሄዱ የኛ ልጆች ደግሞ ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ቢሮ የተቀመጠ ሰው አንድ ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ አሥር ዓመት ለአንድ ቀን የሮጠ እግር ሜዳ ላይ ይቀራል። ይሄ ዛሬም ያናድደኛል። ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ።

አሁን ሦስተኛው። ሰማያዊቷ ኪኒን።

ልጆች፣ ምሥራቅ ጀርመን ትንሽ ሀገር ነበረች። 17 ሚሊዮን ሕዝብ አይሞላም። በኦሊምፒክ ግን ከአሜሪካና ከሶቪየት ጋር ትተካከል ነበር። እንዴት? ጥሩ ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ ጥሩ አሰልጣኝ ነበራቸው፣ ልጅን ከሕፃንነቱ መርጠው ያሳድጋሉ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ሌላም እውነት ነበር። በ1974 መንግሥት ራሱ በምስጢር ያወጣው ዕቅድ ነበር፤ 14.25 የሚባል ቁጥር ነበረው። ኦራል ቱሪናቦል የሚባል ኪኒን፣ የና ከተማ ውስጥ የናፋርም የሚባል የመንግሥት ፋብሪካ የሚሠራው። የወንድ ሆርሞን ዓይነት ነው፤ ጡንቻ ይገነባል። ለአትሌቶች ይሰጣል። ለወንዱም ለሴቱም፤ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች ሳይቀሩ። ምን ብለው ይሰጧቸው ነበር መሰላችሁ? «ቫይታሚን ነው» ብለው።

ድምፃቸው የጎረነነ ሴቶች አሉ። ጉበታቸው የተጎዳ አሉ። መውለድ ያቃታቸው አሉ። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ቨርነር ፍራንከ የሚባል ሳይንቲስትና ባለቤቱ፣ የቀድሞዋ ዲስከስ ወርዋሪ ብሪጊተ ቤረንዶንክ፣ ሰነዶቹን ከወታደር ሕክምና ተቋም አግኝተው ይፋ አወጡት። በ2000 በርሊን ላይ የሀገሪቱ ስፖርት አለቃ የነበረው ማንፍሬድ ኤቫልድና ሐኪሙ ማንፍሬድ ሆፕነር ተፈረደባቸው፤ እስር ቤት ግን አልገቡም፣ ቅጣቱ በገደብ ነበር። ለተጎጂዎቹ በኋላ የወጣው ካሣ 10,500 ዩሮ ነው። ለጠፋ ጉበት፣ ለጠፋ ልጅ፣ 10,500 ዩሮ!

ታዲያ ማሪታ ኮህስ? ሳልሸፋፍን የማውቀውን ልንገራችሁ። ኮህ አንድም ጊዜ ምርመራ ላይ ወድቃ አታውቅም። ስትጠየቅ በዚያን ጊዜ ማድረግ የሌለብኝን አላደረግሁም የሚል ነው መልሷ። በሌላ በኩል በታተሙት ሰነዶች ውስጥ ስሟ አለ፤ በየዓመቱ የተመደበላት የኦራል ቱሪናቦል መጠን በሚሊግራም ተጽፏል። ደግሞ «ምርመራ አልወደቀችም» ማለት በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ስሙኝ። ድሬስደን አጠገብ ክራይሻ የሚባል ቦታ ቤተ ሙከራ ነበራቸው። አትሌቶቹ ወደ ውጭ ከመውጣታቸው በፊት መንግሥት ራሱ እዚያ ሽንታቸውን ይመረምራል። መድኃኒቱ ገና ከሰውነቷ ያልወጣ ከሆነ ጉዞዋ ይሰረዛል፣ «ታማለች» ይባላል። ውጭ ወጥታ የምትመረመረው ንጹሕ የሆነችው ብቻ ናት። ገባችሁ? ምርመራውን የፈጠሩት ለማጥፋት ሳይሆን ለመደበቅ ነበር።

ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩት ፍራንክፈርት ከመጣሁ በኋላ ባቡር ውስጥ ነው። ጋዜጣውን አጠፍኩት። ሴትዮዋ ትዝ አሉኝ፣ በሳሙና እጄ ያለቀስነው። ተታልዬ ነበር ማለት ነው? ብዙ አስቤበታለሁ። ዛሬ እንዲህ ነው የማስበው፦ የዚያን ቀን ሩጫ አየሁት፣ ሩጫ ነበር፤ ጥምዙን የታገለችው እሷ ናት፣ መጨረሻው 100 ላይ ያልተሰበረችው እሷ ናት። ሰዓቱን ግን አላምነውም። ሁለቱንም አብሬ ይዣቸው ነው የምኖረው። ለኮህ አልፈርድም፤ ይሄን መንግሥቷ ነው የሠራው። ግን ሰዓቱን አላምነውም።

በ2017 የአውሮፓ አትሌቲክስ ከ2005 በፊት ያሉትን ክብረ ወሰኖች እንሰርዝ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙ አትሌት ተቆጣ፣ ሐሳቡም ሳይፈጸም ቀረ። እኔ መሰረዙን አልደግፍም። የዚያን ዘመን ንጹሕ ሯጭ ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይጠረጋል። ከዚያ ይልቅ የምወደው የኢነስ ጋይፕልን ነው። እሷም የምሥራቅ ጀርመን የአጭር ርቀት ሯጭ ነበረች። በ1984 ከክለቧ ከሞቶር የና ጋር በ4 በ100 የዱላ ቅብብል የክለብ ክብረ ወሰን ሠርታለች፣ 42.20። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ተነሥታ ስሜን ከዝርዝሩ አውጡልኝ አለች። የሮጥኩት በአበረታች መድኃኒት ነው፣ ሳልጠየቅ የተሰጠኝ ነው ብላ። ስሟን አወጡት። ሰው የራሱን ስም ከክብር መዝገብ አስፍቆ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚህ የበለጠ ጉልበት የሚጠይቅ ሩጫ አላውቅም።

አሁን «ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ ያለፈ ነው» የሚል ካለ አንድ ነገር ልንገረው። የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ትሮጥ ነበር። ጎበዝ ናት። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እንጦጦ የምትወጣ ልጅ። አንድ ማታ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ልምምድ ቦታ አንድ ሰውዬ መድኃኒት ሰጠኝ» አለች። ምንድነው ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ቫይታሚን ነው አለኝ።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አልኳት። ላከችው። ካርቶን የለውም፣ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ በጥፍር ተፍቋል። አሥር ፍሬ፣ ሁለቱ ጎድለዋል። «ሁለቱን ዋጥሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አንድ» አለች። «ሌላውን ለጓደኛዬ ሰጠኋት።» ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ጣለችው። ቡድኑንም ለቀቀች፣ ምክንያቱም ሌሎቹ እየወሰዱ እሷ ከኋላ መቅረት ጀመረች። ሁለት ዓመት ብቻዋን ሮጠች፣ ለብሔራዊ ቡድን አልደረሰችም። አንዳንድ ሰው «አጎቷ ዕድሏን ዘጋባት» ይላል። ሰምቻለሁ። ዛሬ መምህርት ናት፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ደግሜ ደግሜ ልበላችሁ፤ ሕጉ ማን ሰጠሽ አይልም። ሰውነትሽ ውስጥ ከተገኘ ያንቺ ነው። አሰልጣኙ አይቀጣልሽም፣ ሰውዬው አይቀጣልሽም። ስለዚህ ስሙን የማታውቁትን፣ ካርቶኑን የማታዩትን፣ ሐኪም በወረቀት ያልጻፈውን ነገር አትዋጡ። አትዋጡ! ወላጆች፣ ልጃችሁ «ቫይታሚን» የሚል ቃል ይዞ ከልምምድ ሲመጣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙት። ፍሬዋን በእጃችሁ ያዙና እዩ። ለአሰልጣኙ ደውሉ። አያፍርባችሁም፤ ካፈረ ደግሞ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እሺ፣ ሰዓት እያለቀብኝ ነው፣ ሥጋውም እየተጠበሰ ነው፣ ሽታው መጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ባለፈው መስከረም 18፣ 2025 እ.ኤ.አ.፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከልጅ ልጄ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። ያቻት፣ ቢጫ ቲሸርት የለበሰችው፣ አሁን አንገቷን የደፋችው። የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና፣ የሴቶች 400 ፍጻሜ። እዚያ ሌሊት ነው፣ መሙ ርጥብ ነው። የአሜሪካዋ ሲድኒ ማክላፍሊን ሌቭሮን ወጣች። መሰናክል ሯጭ ናት፣ 400ን ያለ መሰናክል ልሞክረው ብላ የመጣች። መጨረሻው ላይ የዶሚኒካኗ ማሪሌይዲ ፓውሊኖ ከጎኗ አልለቅ አለች። እኔ ተነሥቻለሁ፣ ምንጣፉ ላይ ቆሜያለሁ።

47.78። ፓውሊኖም 47.98።

40 ዓመት ሙሉ እዚያ ቁጥር አጠገብ የደረሰ ሰው አልነበረም። ልጅቷ የኔን ፊት አየች። «አያቴ፣ ሰበረችው?» አለች። አልሰበረችውም አልኳት። «በስንት ቀረባት?» በ18 መቶኛ ሰከንድ። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጠጋግታ «ይህችን ታክላለች?» አለች። አዎ፣ ይህችን ታክላለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ያኛዋ ኪኒን ባትወስድ ኖሮስ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ማንም የለውም። ኮህ ራሷም የምታውቀው አይመስለኝም፣ ትልቁ የሰረቋትም ነገር እሱ ነው፤ ኪኒኑ ባይኖር ስንት ትሮጥ እንደነበር።

ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ከቤታችን አጠገብ የትምህርት ቤት ሜዳ አለ። ሰዓት መያዣዬን ይዤ ተከተልኳት። አንድ ዙር ሮጠች። መጨረሻው 100 ላይ ትከሻዋ ጠነከረ፣ አንገቷ ገተር አለ፣ ያቺው አሲድ። 1 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ። ሣሩ ላይ ወድቃ «እንደገና» አለችኝ።

ሰዓት መያዣው ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ ከግቡ ጀርባ ባለው መም ላይ እቆማለሁ፣ መሮጥ የሚፈልግ ይምጣ። ከዚያ በፊት ጥያቄ ያለው ካለ እሰማለሁ። አንቺ እዚያ ጋ፣ እጅሽን ያወጣሽው፣ በይ።